ለትናንሽ ሞለኪውሎች ተሸካሚ ፕሮቲን መምረጥ፦ በመከላከያ ሴሎች ምላሽ ላይ የተመሠረተ ንጽጽር

ኒኮቲን 162 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ)፣ ቤንዚልፔኒሲሊን ደግሞ 334 ዳልተን ይመዝናሉ። እንዲህ ያለ ትንሽ ሞለኪውል ብቻውን ሲሰጥ የመከላከያ ሥርዓቱ አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሳይል ያልፈዋል፤ ከአንድ ትልቅ ፕሮቲን ጋር በጽኑ ኬሚካዊ ትስስር ሲጣመር ግን ያው ሞለኪውል ጠንካራ የፀረ እንግዳ አካል ምላሽ ሊቀሰቅስ ይችላል። ትንሹን ሞለኪውል ሃፕቴን፣ ትልቁን ደግሞ ተሸካሚ ፕሮቲን ማለት የተለመደ ነው። በዚህ መስክ የሚሠራ ሰው ሁሉ የትኛውን ተሸካሚ ልጠቀም ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ መልሱም ብዙ ጊዜ ቤተ ሙከራው ከዚህ በፊት የተጠቀመበት ወይም በማቀዝቀዣው ውስጥ የተገኘው ይሆናል። ይህ መመሪያ የተጻፈው ምርጫው በልማድ እንዳይወሰን ነው። ተሸካሚው ክብደት ለመጨመር ብቻ የሚገባ ነገር አይደለም፤ የትኛው ሴል እንደሚነቃ፣ ምን ያህል እንደሚነቃና ምላሹ በምን ላይ እንደሚያነጣጥር በአመዛኙ የሚወስነው እርሱ ነው። ስለዚህ የፕሮቲኑ ስም ከመጠራቱ በፊት መታወቅ ያለበት የሚፈለገው የሴል ምላሽ ነው።

ተሸካሚው በሁለቱ ሴሎች መካከል የሚሠራው ሥራ

ካርል ላንድስታይነር በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አሥርት ዓመታት ትናንሽ ኬሚካሎችን ከፕሮቲን ጋር እያጣመረ ባካሄዳቸው ጥናቶች፣ ፀረ እንግዳ አካላት በአንድ የቤንዚን ቀለበት ላይ ያለ ኬሚካዊ ቡድን በኦርቶ፣ በሜታ ወይም በፓራ ቦታ መቀመጡን እንኳ እንደሚለዩ አሳየ። ከዚህ የምንረዳው ትንሹን ሞለኪውል የመለየት ችሎታ በቢ ሴሎች (ፀረ እንግዳ አካል በሚያመርቱት የመከላከያ ሴሎች) ዘንድ አስቀድሞ እንዳለ ነው፤ የሚጎድለው የቲ ሴል (ምላሹን የሚያግዝ ሌላ የመከላከያ ሴል) እገዛ ነው። ረዳት ቲ ሴል የሚያውቀው በኤምኤችሲ ክፍል ሁለት (ሴሎች የፕሮቲን ቁራጮችን በገጻቸው ላይ በሚያሳዩበት) ሞለኪውል ላይ የተቀመጠ ፔፕታይድን (የፕሮቲን ቁራጭን) ሲሆን ሃፕቴን ብቻውን ፔፕታይድ ሊሆን አይችልም። ሃፕቴኑን የሚያውቅ ቢ ሴል ጥምሩን ሲይዝ ግን ፕሮቲኑንም አብሮ ወደ ውስጥ ያስገባዋል፣ ይቆራርጠዋል፣ ከተሸካሚው የወጡትን ፔፕታይዶችም በገጹ ላይ ያሳያል። እነዚያን ፔፕታይዶች የሚያውቅ ረዳት ቲ ሴል ሲያገኘው፣ በገጹ ላይ ባለው ሲዲ40 ሊጋንድ በተባለ ፕሮቲን እና እንደ ኢንተርሉኪን 4 እና ኢንተርሉኪን 21 ባሉ መልእክተኛ ሞለኪውሎች አማካይነት ያግዘዋል። ቢ ሴሉ የሚራባው፣ ከአይጂኤም (መጀመሪያ ከሚመረተው የፀረ እንግዳ አካል ዓይነት) ወደ አይጂጂ (በኋላ ወደሚመረተው) የሚሸጋገረው፣ በጀርሚናል ሴንተር (ቢ ሴሎች በሚበስሉበት የሊምፍ እጢ ክፍል) ውስጥም የመያዝ ጥንካሬውን እያሻሻለ የሚሄደው ከዚህ እገዛ የተነሣ ነው። እንግዲህ ቢ ሴሉ ሃፕቴኑን፣ ቲ ሴሉ ደግሞ ተሸካሚውን ያውቃል፤ ሁለቱን የሚያገናኛቸው ሃፕቴኑና ተሸካሚው በአንድ አካል ላይ መሆናቸው ነው። ሃፕቴንንና ፕሮቲንን ሳያስተሳስሩ ቀላቅሎ መስጠት ይህን ግንኙነት አይፈጥርም።

የዚህን ሐሳብ ተግባራዊ ትርጉም በግልጽ ያሳየው ሚቺሰን በ1971 ያሳተመው ሥራ ነው። አንድን ሃፕቴን በኦቫልቡሚን ላይ ተጭኖ የተቀበሉ አይጦች፣ ያው ሃፕቴን በበሬ ደም አልቡሚን ላይ ተጭኖ በድጋሚ ሲሰጣቸው ምላሻቸው ደካማ ነበር፤ ለበሬው አልቡሚን አስቀድመው ከተዘጋጁ አይጦች የተወሰዱ ሴሎች ሲጨመሩላቸው ግን ጠንካራው ምላሽ ተመለሰ። ሃፕቴኑን የሚያስታውሱት ቢ ሴሎች በቦታው ነበሩ፤ የጠፋው አዲሱን ተሸካሚ የሚያውቅ ረዳት ነበር። በመጀመሪያው ክትባትና በማጠናከሪያው መካከል ተሸካሚ ለመቀየር የሚያስብ ሰው ይህን ውጤት በአእምሮው ይያዝ። ላንዛቬኪያ በ1985 ደግሞ በሰው ቢ ሴሎች እንዳሳየው፣ አንድን አንቲጅን (የመከላከያ ምላሽ የሚነሣበትን ነገር) በመቀበያው ለይቶ የሚይዝ ቢ ሴል በጣም አነስተኛ መጠን ካለው አንቲጅን እንኳ ፔፕታይድ አውጥቶ ለቲ ሴል ማሳየት ይችላል። አንድ ተሸካሚ በጥቂት ማይክሮግራም ሊሠራ የሚችለው ከዚህ የተነሣ ነው።

ሦስተኛው ማስረጃ በእንስሳው ዘር ላይ ያተኩራል። ቤናሴራፍና ባልደረቦቹ ዲኒትሮፌኒል የተባለውን ሃፕቴን በፖሊላይሲን (ላይሲን ከተባለ አንድ አሚኖ አሲድ ብቻ በተሠራ ሰንሰለት) ላይ ጭነው ሲሰጡ የዝርያ 2 ጊኒ ፒጎች ምላሽ ሰጡ፤ የዝርያ 13ዎቹ ግን አልሰጡም። ያው ጥምር ከባዕድ አልቡሚን ጋር ተያይዞ ሲቀርብ ግን ምላሽ ያልነበራቸውም ፀረ እንግዳ አካል አመረቱ። ቢ ሴሎቻቸው ጤናማ ነበሩ፤ የኤምኤችሲ ሞለኪውሎቻቸው ግን ከፖሊላይሲን የሚመጥናቸውን ፔፕታይድ አያገኙም ነበር። ለአንዱ ዝርያ ጥሩ የሆነ ተሸካሚ ለሌላው ላይሆን ይችላል፤ ትልቅና የአሚኖ አሲድ ቅደም ተከተል ልዩነቱ የበዛ ፕሮቲን መምረጥ የሚመከርበት ዋናው ምክንያት ከብዙ ፔፕታይዶቹ መካከል ለየትኛውም የኤምኤችሲ ዓይነት የሚስማማ ስለማይጠፋ ነው።

ኬኤልኤች፦ ጠንካራው ባዕድ

ኬኤልኤች (ኪሆል ሊምፔት ሄሞሲያኒን) በሳይንሳዊ ስሙ ሜጋቱራ ክሬኑላታ ከሚባል፣ በካሊፎርኒያና በባሃ ካሊፎርኒያ የፓስፊክ ዳርቻ ከሚኖር የባሕር ቀንድ አውጣ መሰል እንስሳ ደም የሚወጣ፣ መዳብ የያዘና ኦክስጅን የሚያጓጉዝ ፕሮቲን ነው። እያንዳንዱ ንዑስ ክፍሉ ከ350 እስከ 400 ሺህ ዳልተን ይመዝናል፤ ንዑስ ክፍሎቹ ሲገጣጠሙ የሚሠሩት ቅርጽ 8 ሚሊዮን ዳልተን ገደማ ይደርሳል። ከአጥቢ እንስሳት ፕሮቲኖች እጅግ የራቀ በመሆኑ በአይጥም፣ በጥንቸልም፣ በሰውም ዘንድ ባዕድነቱ ግልጽ ነው፤ የቲ ሴል ፔፕታይዶቹም ብዙ ናቸው። በላዩ ላይ ያሉት ስኳሮች ደግሞ በዴንድሪቲክ ሴሎች (አንቲጅንን ይዘው ለቲ ሴል በሚያሳዩ ሴሎች) ገጽ ላይ ያሉ የስኳር መቀበያዎችን ስለሚነኩ ወደ ሴሉ መግባቱን ያፋጥኑለታል። በእኔ ግምት ዓላማው ከፍተኛ መጠን ያለው ፀረ እንግዳ አካል ማግኘት ብቻ ከሆነ ኬኤልኤች አሁንም በቅድሚያ ሊታሰብ ይገባዋል።

ይህ ጥንካሬው ግን ዋጋ ያስከፍላል። ከሚመረተው ፀረ እንግዳ አካል ትልቁ ክፍል በሃፕቴኑ ላይ ሳይሆን በኬኤልኤች ራሱ ላይ ያነጣጠረ ይሆናል። ለተራ የፀረ እንግዳ አካል ምርት ይህ ችግር ላይሆን ይችላል፤ በሃፕቴኑ ላይ ያነጣጠረውን በሌላ ተሸካሚ መለየት ይቻላልና። የሴል ምላሽን ለሚመረምር ሰው ግን ትልቅ መሰናክል ነው፤ የሚባዙት ቲ ሴሎች አብዛኞቹ ስለ ትንሹ ሞለኪውል የሚናገሩት አንዳች የለም። ሁለተኛው ችግር አያያዙ ነው። ኬኤልኤች በውኃ ውስጥ በደንብ የማይሟሟ፣ ቀዝቅዞ ሲቀልጥ የሚዘቅጥ፣ መጠኑ ከመግዘፉ የተነሣ ስንት ሃፕቴን እንደተጫነበት በማስ ስፔክትሮሜትሪ (የሞለኪውል ክብደት በሚለካ ዘዴ) በቀጥታ ሊለካ የማይችል ፕሮቲን ነው። ሦስተኛው ብዙም የማይወራ ሲሆን፣ ኬኤልኤች በስኳሮቹ አማካይነት የቢልሃርዚያ አምጪ ከሆኑት ከሺስቶሶማ ጥገኛ ትሎች ጋር የሚጋራቸው ኤፒቶፖች (ፀረ እንግዳ አካል የሚይዛቸው ክፍሎች) አሉት። በቢልሃርዚያ ተይዘው የሚያውቁ ሰዎች ኬኤልኤችን የሚይዙ ፀረ እንግዳ አካላት ሊኖሯቸው ይችላል፤ ስለዚህ በሰው ላይ "ፍጹም አዲስ አንቲጅን" ተብሎ ሲቀርብ ተሳታፊዎቹ እነማን እንደሆኑ አስቀድሞ መታየት አለበት።

ቢኤስኤ፦ ለማጣመር ቀላል፣ ለመለካት ጥንቃቄ የሚሻ

የበሬ ደም አልቡሚን፣ በተለምዶ ቢኤስኤ፣ 583 አሚኖ አሲዶች ያሉት፣ 66 ሺህ ዳልተን ገደማ የሚመዝን ፕሮቲን ነው። ካሉት 59 ላይሲኖች ውስጥ ከ30 እስከ 35 የሚሆኑት ለኬሚካዊ ትስስር በቀላሉ የሚደረስባቸው ናቸው። በውኃ ውስጥ በጣም ይሟሟል፤ ሃፕቴኑ ውኃን የሚሸሽ ሆኖ ሌላ ተሸካሚን ሲያዘቅጥ እንኳ ቢኤስኤ ብዙውን ጊዜ ይታገሠዋል፤ ማልዲ በተባለው የማስ ስፔክትሮሜትሪ ዓይነት የተጫነው የሃፕቴን ብዛት በቀላሉ ይታወቃል። ከኬሚስትሪ አንጻር ብቻ ቢታይ ከሁሉ የሚመች እርሱ ነው።

በመከላከያ ሴሎች በኩል ሲታይ ግን ሁለት ነገሮች ይከብዱታል። አንደኛ፣ የቀሰቀሳ አቅሙ ከኬኤልኤች ያነሰ ነው፤ በላዩ ላይ ፖዘቲቭ ቻርጅ እንዲበዛበት ተደርጎ ሲዘጋጅ ወደ አንቲጅን አቅራቢ ሴሎች በቀላሉ ስለሚገባ ምላሹ በግልጽ ይጨምራል። ሁለተኛና አስፈላጊው፣ ቢኤስኤ በየቤተ ሙከራው በሁሉም ቦታ ያለ ፕሮቲን ነው። የኤላይዛ (ፀረ እንግዳ አካል በሳህን ላይ የሚለካበት ዘዴ) ሳህኖች የሚሸፈኑት ብዙ ጊዜ በእርሱ ነው፤ የሴል ማሳደጊያ ፈሳሾችም ከጥጃ ፅንስ ደም የተገኘ ሴረም ስላላቸው አልቡሚኑን ይይዛሉ። በቢኤስኤ ጥምር የተከተበ እንስሳ ሴረም በቢኤስኤ በተሸፈነ ሳህን ላይ ሲፈስ፣ የሚታየው ምልክት የማን እንደሆነ ማወቅ አይቻልም። የቲ ሴል ብዜት በሚለካበት ጊዜም ማሳደጊያው ራሱ አንቲጅን ሆኖ ይቆያል። ስለዚህ የኔ ምክር ቢኤስኤን ለክትባት ሳይሆን ለመለኪያ ማስቀመጥ ነው፤ በኬኤልኤች ጥምር መከተብ፣ በሃፕቴንና በቢኤስኤ ጥምር የተቀባ ሳህን መለካት፣ ሳህኑንም ከሁለቱም በተለየ ፕሮቲን መሸፈን።

ለመለኪያነት ቢኤስኤ ሌላም ጥቅም አለው። በአንድ ሞለኪውል ላይ ጥቂት ሃፕቴን የተጫነበት ቢኤስኤ ጠንካራ የመያዝ አቅም ያላቸውን ፀረ እንግዳ አካላት ብቻ ሲይዝ፣ ብዙ የተጫነበት ደግሞ ደካሞቹንም ጭምር ይይዛል። በሁለቱ ሳህኖች ላይ የተገኙትን ምልክቶች በማነጻጸር የመያዝ ጥንካሬ በጊዜ ሂደት መሻሻሉን መከታተል ይቻላል። ይህ ዘዴ ኤንፒ የተባለውን ሃፕቴን በዶሮ ጋማ ግሎቡሊን ላይ ጭነው የጀርሚናል ሴንተርን ሥራ በሚያጠኑ ቤተ ሙከራዎች ዘንድ መደበኛ ሆኗል። ኤንፒ ለዚህ ጥናት የተመረጠበት ምክንያት አለ፤ በሲ57ብላክ6 አይጦች ውስጥ ለኤንፒ የሚነሡት ቢ ሴሎች በአብዛኛው የታወቀ ጂን ይጠቀማሉ፣ በፀረ እንግዳ አካሉ 33ኛ ቦታ ላይ ትሪፕቶፋን በሉሲን መተካቱም የመያዝ ጥንካሬውን 10 እጥፍ ገደማ ስለሚያሳድግ ብስለቱን በቅደም ተከተል ማንበብ ይቻላል።

ኦቫልቡሚን፦ ቲ ሴሉን ማየት ለሚፈልግ

ኦቫልቡሚን የእንቁላል ነጭ ዋና ፕሮቲን ነው፤ 45 ሺህ ዳልተን ገደማ ይመዝናል፣ ላይሲኖቹም 20 ብቻ ናቸው። ብዙ ሃፕቴን ለመሸከም አይመችም፤ በቀሰቀሳ አቅሙም ኬኤልኤችን አይስተካከልም። ሆኖም ቲ ሴሉን በቀጥታ መከታተል ለሚፈልግ ተመራማሪ ከእርሱ የሚሻል ማግኘት ይከብዳል። ከ257ኛው እስከ 264ኛው አሚኖ አሲድ ያለው ፔፕታይዱ በኦቲ1 አይጦች (ቲ ሴሎቻቸው ይህን ፔፕታይድ እንዲያውቁ በዘረመል በተለወጡ) ሲዲ8 (ገዳይ) ቲ ሴሎች፣ ከ323 እስከ 339 ያለው ደግሞ በተመሳሳይ መንገድ በተዘጋጁት በኦቲ2 አይጦች ሲዲ4 (ረዳት) ቲ ሴሎች ዘንድ ይታወቃል። ሃፕቴኑ ሲጨመር፣ ሲበዛ ወይም ቦታው ሲቀየር የተሸካሚው ፔፕታይድ አቀራረብ እንዴት እንደሚለወጥ በእነዚህ ሴሎች አማካይነት በቁጥር ማየት ይቻላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ሊዘለል አይገባም። ለገበያ የሚቀርቡ ብዙ የኦቫልቡሚን ዝግጅቶች ኢንዶቶክሲን (ከባክቴሪያ ግድግዳ የሚመጣ ቅሪት) ይይዛሉ። ዴንድሪቲክ ሴሎችና ሞኖሳይቶች በቲኤልአር4 በተባለው መቀበያቸው በኩል ለኢንዶቶክሲን እጅግ ንቁ ስለሆኑ፣ "ጥምሩ ሴሎቹን አነቃ" ተብሎ የሚጻፈው ውጤት የባክቴሪያ ቅሪት ሥራ ሊሆን ይችላል። ኢንዶቶክሲን መለካት ለየትኛውም ተሸካሚ አስፈላጊ ቢሆንም ኦቫልቡሚን ሲሆን ፈጽሞ አይታለፍም።

ቶክሶይዶችና ሲአርኤም197፦ ቀድሞ ስለተከተበው ሰው

በሰው ላይ የሚሰጥ ጥምር ክትባት ሲታሰብ ምርጫው ይጠባል፤ በቲታነስ ቶክሶይድ (መርዛማነቱ በተወገደ የባክቴሪያ መርዝ)፣ በዲፍቴሪያ ቶክሶይድና በሲአርኤም197 ላይ ብዙ ልምድ አለ። ሲአርኤም197 በ52ኛው ቦታ ላይ ግላይሲን በግሉታሚክ አሲድ በመተካቱ መርዛማነቱን ያጣ የዲፍቴሪያ ቶክሲን ዓይነት ነው፤ 58 ሺህ ዳልተን ገደማ ይመዝናል፣ 39 ላይሲኖችም አሉት። ቶክሶይዶች መርዛማነታቸው የሚወገደው በፎርማልዴሃይድ ነው፤ ፎርማልዴሃይዱ የላይሲኖቹን ከፊል ስለሚይዛቸውና ፕሮቲኖቹን እርስ በርስ ስለሚያስተሳስራቸው በአንዱ ዝግጅትና በሌላው መካከል ልዩነት ይፈጠራል። ሲአርኤም197 ይህ ሂደት አያስፈልገውም፤ ላይሲኖቹ ሳይነኩ ይቆያሉ፣ የተጫነውም ሃፕቴን በጥራት ይለካል። የማምረት ወጥነት ለሚያሳስበው ሰው ይህ ወሳኝ ነው። ቲታነስ ቶክሶይድ በበኩሉ ጠንካራ ጎን አለው፤ ከ830 እስከ 843 እና ከ947 እስከ 967 ያሉት ፔፕታይዶቹ ከብዙ ዓይነት የሰው ኤምኤችሲ ክፍል ሁለት ሞለኪውሎች ጋር ስለሚጣበቁ፣ የተለያየ የዘር ውርስ ባለው ሕዝብ ውስጥ ረዳት ቲ ሴል ማግኘቱ አስተማማኝ ነው።

እዚህ ላይ ንጽጽሩን የሚያወሳስብ ነገር ይመጣል፤ አብዛኛው ሰው ለእነዚህ ፕሮቲኖች በልጅነቱ ተከትቧል። አስቀድመው የተዘጋጁ ረዳት ቲ ሴሎች መኖራቸው ለሃፕቴኑ የሚሰጠውን ምላሽ ሊያፋጥን ይችላል። በተቃራኒው በ1980ዎቹ በተካሄዱ የአይጥ ሙከራዎች እንደታየው፣ ለተሸካሚው ቀድሞ የነበረ ጠንካራ መከላከያ በአዲሱ ሃፕቴን ላይ የሚነሣውን ፀረ እንግዳ አካል ሊያፍነው ይችላል። ብዙ ቁጥር ያላቸው የተሸካሚው አስታዋሽ ቢ ሴሎች ጥምሩንና የቲ ሴሉን እገዛ ይሻማሉ፤ ቀድሞ የነበረው ፀረ እንግዳ አካልም ጥምሩን ከመንገድ ያነሣዋል። የትኛው ኃይል እንደሚያይል በመጠኑ፣ በጊዜ ልዩነቱና በተጫነው ሃፕቴን ብዛት ይወሰናል። ባልተከተቡ አይጦች ላይ ብቻ የተሠራ ንጽጽር ለዚህ ጥያቄ መልስ ስለማይሰጥ፣ ለሰው የታሰበ ጥምር ለተሸካሚው አስቀድመው በተከተቡ እንስሳት ላይም መፈተን አለበት እላለሁ።

የሱስ ክትባቶች ታሪክ እነዚህን ምርጫዎች በሰው ላይ ለማየት ዕድል ሰጥቷል። ኒክቫክስ የተባለው የኒኮቲን ክትባት የተጠቀመው ተሸካሚ ከሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ የተገኘና መርዛማነቱን ያጣ ኤክሶፕሮቲን ኤ ነበር፤ ከፍተኛ የፀረ እንግዳ አካል መጠን ላይ የደረሱ ተሳታፊዎች ማጨስ በማቆም የተሻሉ ሆነው ቢታዩም፣ በ2011 ይፋ የሆኑት ሁለቱ የመጨረሻ ደረጃ ሙከራዎች አልተሳኩም። በ2009 ውጤቱ የታተመው የኮኬይን ክትባት በኮሌራ ቶክሲን ቢ ንዑስ ክፍል ላይ የተጫነ ነበር፤ ከተከተቡት ውስጥ የታሰበው የ43 ማይክሮግራም በሚሊ ሊትር ደረጃ ላይ የደረሱት 38 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሁለቱም ሙከራዎች የሚያሳዩት ዋናው ፈተና በሰዎች መካከል ያለው የምላሽ ልዩነት መሆኑን ነው። ለእንዲህ ያለ ዓላማ ተሸካሚ የሚመርጥ ሰው ከአማካይ ውጤቱ ይልቅ ዝቅተኛ ምላሽ የሰጡትን ድርሻ ቢያነጻጽር ይበጀዋል፤ አማካዩ ጥቂት ጠንካራ ምላሽ ሰጪዎችን ይዞ ሊያሳስት ይችላል።

ቫይረስ መሰል ቅንጣቶች

ኪውቤታ ከተባለው የባክቴሪያ ቫይረስ የሚሠራው ቅንጣት 180 ተመሳሳይ ፕሮቲኖች ተደርድረው የሚፈጥሩት፣ 28 ናኖሜትር ገደማ የሚሰፋ ኳስ ነው። ሃፕቴኑ በላዩ ላይ ተደጋግሞና በእኩል ርቀት ስለሚቀመጥ የአንድ ቢ ሴል ብዙ መቀበያዎችን በአንድ ጊዜ ያቆራኛል፤ በውስጡ የታሸገው አርኤንኤም ወደ ሴሉ ሲገባ በቲኤልአር7 መቀበያ በኩል ተጨማሪ ማነቃቂያ ይሰጣል። ስለዚህ ከኬኤልኤች በተለየ መንገድ ጠንካራ ነው፤ ኬኤልኤች በዋናነት በቲ ሴል ፔፕታይዶቹ ሲያሸንፍ፣ ቅንጣቱ በቢ ሴሉ መቀበያ ላይ በሚያሳድረው ኃይልም ያሸንፋል። ፈጣን የአይጂጂ ምላሽ ለሚፈልግ ተመራጭ ነው። የተሸካሚውን ብቻ ተጽዕኖ ለማጥናት ለሚፈልግ ግን አልመክረውም፤ ተሸካሚና አነቃቂ በአንድ ላይ ስለሆኑበት ውጤቱን መነጣጠል አስቸጋሪ ነው።

ምላሽ እንዳይነሣ ሲፈለግ

አንዳንድ ጊዜ ዓላማው ተቃራኒ ነው። የፔኒሲሊን አለርጂ የቆዳ ምርመራ የሚጠቀመው ፔኒሲሎይል የተጫነበት አጭር ፖሊላይሲን ነው። ብዙ ሃፕቴን ስለሚሸከም በማስት ሴሎች (የአለርጂ ምልክት በሚያስነሡ ሴሎች) ላይ ያለውን አይጂኢ (የአለርጂ ፀረ እንግዳ አካል) ያቆራኛል፣ አለርጂውንም ያሳያል፤ አዲስ የመከላከያ ምላሽ የመቀስቀስ አቅሙ ግን ዝቅተኛ ነው። ከዲ ዓይነት (የተለመዱት የመስታወት ምስል ከሆኑ) አሚኖ አሲዶች ብቻ የተሠራ የግሉታሚክ አሲድና ላይሲን ፖሊመር ደግሞ በሴል ውስጥ ስለማይቆራረጥ ለቲ ሴል ፔፕታይድ አያቀርብም፤ ሃፕቴን ተጭኖበት ሲሰጥ ቢ ሴሎቹ ለሃፕቴኑ ዝም እንዲሉ ያደርጋቸዋል። ሃፕቴን የተጫነበት የእንስሳው የራሱ ኢሚውኖግሎቡሊንም በብዙ ሙከራዎች ተመሳሳይ ውጤት ሰጥቷል።

የራስ አልቡሚን ለመድኃኒት አለርጂ ጥናት ከሁሉ ይቀርባል፤ ፔኒሲሊን በሰውነት ውስጥ በተፈጥሮ የሚጣመረው ከደም አልቡሚን ላይሲኖች ጋር ነውና። ስለ አለርጂ ለማወቅ ፔኒሲሊንን በኬኤልኤች ላይ ጭኖ አይጥ መከተብ ፀረ እንግዳ አካል ያስገኛል፤ በታማሚው ሰውነት ውስጥ የሚሆነውን ግን አያሳይም። በቆዳ ላይ የሚነሣ የንክኪ አለርጂ ሲሆን ደግሞ ሃፕቴኑ የቆዳውን የራሱን ፕሮቲኖች ስለሚለውጥ፣ ቲ ሴሎቹ የሚያውቁት ሃፕቴኑ የተጣበቀበትን ፔፕታይድ ነው፤ እዚያ የውጭ ተሸካሚ መጨመር ጥያቄውን ራሱን ይቀይረዋል። እንደ ኤችአይቪ መድኃኒቱ አባካቪር ያሉ መድኃኒቶች ደግሞ ያለ ምንም ጽኑ ትስስር ከኤችኤልኤ ቢ 57፡01 (ከሰው ኤምኤችሲ ዓይነቶች አንዱ ከሆነው) ሞለኪውል ጋር ተጣብቀው ቲ ሴሎችን ያነቃሉ፤ ለእነዚህ ተሸካሚ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

የሃፕቴኑ ብዛትና አገናኙ

ተመሳሳይ ተሸካሚ የተጠቀሙ ሁለት ቤተ ሙከራዎች የተለያየ ውጤት ሲያገኙ፣ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ነው የሚገኘው። ሃፕቴኑ ሲያንስ ቢ ሴሉ በደንብ አይነቃም። በጣም ሲበዛ ደግሞ ላይሲኖቹ ስለሚሸፈኑ የፕሮቲኑ መቆራረጥና የፔፕታይዶቹ አቀራረብ ይለወጣል፤ ደካማ የመያዝ አቅም ያላቸው ቢ ሴሎችም በብዛቱ ምክንያት ስለሚነቁ የጠንካሮቹ መመረጥ ይቀንሳል። ፊኮል በተባለ ስኳር ላይ ብዙ ሃፕቴን ሲጫን ቲ ሴል ሳይረዳ ምላሽ ይነሣል፤ ምላሹ ግን በአመዛኙ አይጂኤም ሲሆን የመያዝ ጥንካሬው ብዙም አይሻሻልም። ለቢኤስኤ መጠን ላለው ፕሮቲን ከ5 እስከ 20 ሃፕቴን ጥሩ መነሻ ይመስለኛል። ተሸካሚዎችን ማነጻጸር ከታሰበ፣ ሃፕቴኑ በአንድ ሞለኪውል ስንት እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ለእያንዳንዱ እንስሳ የደረሰው አጠቃላይ የሃፕቴን መጠንም መስተካከል አለበት። 10 ሃፕቴን የተጫነበት የኬኤልኤች ንዑስ ክፍልና 10 የተጫነበት ኦቫልቡሚን በእኩል ክብደት ሲሰጡ የደረሰው ሃፕቴን ፈጽሞ እኩል አይደለም።

ሃፕቴኑ የሚያያዝበት ቦታ የሚመረጠው ፀረ እንግዳ አካሉ እንዲያየው የሚፈለገው ክፍል ከተሸካሚው ርቆ ወደ ውጭ እንዲዞር ተደርጎ ነው፤ ወደ ፕሮቲኑ የቀረበው ክፍል ይደበቃልና። ሃፕቴኑን ከፕሮቲኑ ጋር የሚያያይዘው አገናኝም ከጉዳዩ ውጭ አይደለም። ሳይክሎሄክሳን ቀለበት ያላቸው የማሌይሚድ አገናኞች ራሳቸው ጠንካራ ፀረ እንግዳ አካል ስለሚቀሰቅሱ፣ ቀጥ ያሉና ተለማጭ የካርቦን ሰንሰለት ያላቸው አገናኞች ይመረጣሉ። ካርቦዳይሚድ ሃፕቴኑን ከፕሮቲኑ ጋር ሲያስተሳስር ፕሮቲኑን ከፕሮቲንም ሊያስተሳስር ስለሚችል፣ የተጣበቀ የፕሮቲን ክምር መፈጠሩ ተፈትሾ መወገድ አለበት፤ ክምሩ በራሱ የቀሰቀሳ አቅምን ያሳድጋልና የተሸካሚዎቹን ንጽጽር ያዛባል።

ምርጫውን በተግባር መፈተሽ

ለትንሽ ሞለኪውል መለያ የሚሆን ፀረ እንግዳ አካል የሚያመርት ሰው በኬኤልኤች ይከተብ፣ በቢኤስኤ ይለካ። የቲ ሴል እገዛን አሠራር የሚያጠና ሰው ኦቫልቡሚንን ይያዝ፣ የመያዝ ጥንካሬ ብስለትን የሚከታተል ኤንፒ ወደተጫነበት ዶሮ ጋማ ግሎቡሊን ይሂድ። ለሰው የሚታሰብ ክትባት ከሆነ ሲአርኤም197ን በቅድሚያ፣ ሰፊ የዘር ልዩነት ባለው ሕዝብ ውስጥ ቲታነስ ቶክሶይድን አብሮ መፈተን ይገባል። የመድኃኒት አለርጂን የሚመረምር ሰው ከተመራማሪው ምቾት ይልቅ መድኃኒቱ በተፈጥሮ የሚጣመርበትን ፕሮቲን ይምረጥ።

የትኛውም ቢመረጥ፣ ውጤቱ ሊነበብ የሚችለው አራት መቆጣጠሪያዎች አብረው ሲሄዱ ነው። ተሸካሚው ብቻውን፣ ተሸካሚውና ሃፕቴኑ ሳይተሳሰሩ ተቀላቅለው፣ ሃፕቴኑ በፍጹም ሌላ ተሸካሚ ላይ፣ እና ያለ ሃፕቴን አገናኙ ብቻ የተጫነበት ተሸካሚ። አራተኛው ብዙ ጊዜ ይቀራል፤ ሲቀር ግን የአገናኙ ፀረ እንግዳ አካል የሃፕቴኑ መስሎ ይቆጠራል። ከእነዚህ በተጨማሪ ነጻው ትንሽ ሞለኪውል ራሱ ወደ መለኪያው ተጨምሮ ምልክቱን ይቀንስ እንደሆነ መታየት አለበት። ሳህኑ ላይ ያለውን ጥምር ብቻ የሚይዝና ነጻውን ሞለኪውል የማይይዝ ፀረ እንግዳ አካል፣ መጠኑ የቱንም ያህል ቢበዛ፣ በደም ውስጥ ያለ ኒኮቲንም ሆነ በናሙና ውስጥ ያለ መድኃኒት ፊት ሲቀርብለት አይይዘውም።